ሰባት ቤት በአሮጌው ፎልደር ውስጥ

እኔ ስጽፍ ቀስ ብዬ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለአንደኛ ክፍል ልጆች ፊደል ሳስቆጥር ስለኖርኩ፣ እጄ ዛሬም እያንዳንዱን ፊደል ለልጅ እንደሚያሳይ ሰው ነው የሚስለው። ይህን ታሪክ ግን ቶሎ ቶሎ ልጽፈው እፈልጋለሁ። ነገሩ ካለፈ ሳምንታት ቢቆጠሩም ልቤ ገና አልረጋም። እህል ውሃ ስቀምስ እንኳን ድንገት ትዝ ይለኝና ብቻዬን እስቃለሁ።

ባለቤቴ የእርሻ ባለሙያ ነበር። የሥራ ዘመኑን የጨረሰው ከጮቄ ተራራ ሥር ባሉት ቀበሌዎች በእግሩ ሲዞር ነው። ገበሬው ስለ ገብሱ ሲጠይቀው እሱ ደግሞ ገበሬውን ስለ አያቶቹ ይጠይቀዋል። ማን ማንን ወለደ፣ ማን ከየት መጥቶ ሰፈረ፣ የማን እናት የማን ልጅ ነበረች፤ ይህን ሁሉ በደብተር ይጽፍ ነበር። መጀመሪያ ላይ ለምን እንደሚለፋ አይገባኝም ነበር። ኋላ ሰዉ እየሰማ ቤታችን ይመጣ ጀመር፤ ሰባት ቤት ለማስቆጠር።

በእኛ አገር ሁለት ወጣቶች ከመጋባታቸው በፊት በሁለቱም ወገን ትውልድ ይቆጠራል። ራሳቸው አንድ፣ አባት ወይም እናት ሁለት፣ አያት ሦስት እየተባለ እስከ ሰባተኛው ድረስ ይወጣል። እስከዚያ ድረስ አንድ ሰው ላይ ከተገናኙ ዘመዳሞች ናቸውና ጋብቻው ይቀራል። በሁለቱም በኩል ስምንት ከሆነ ግን ይመረቃሉ። ሰው ሁሉ የራሱን ሰባት ቤት ያውቃል ይባላል እንጂ፣ ሦስተኛው ላይ ሲደርስ የማይንተባተብ ጥቂት ነው። ባለቤቴ የራሱንም የሌላውንም ያውቅ ነበር። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ደጃችን ላይ ሽማግሌ ከነበትሩ ተቀምጦ ሳይ፣ የማን ልጅ ልታገባ ይሆን እያልኩ እገምት ነበር።

አንድ ክረምት ጣሪያችን አፈሰሰና ደብተሮቹ ራሱ። ቀለሙ ተጨማልቆ ግማሹ አይነበብም። ያን ጊዜ ነው ከአንድ የሚለቅ መሥሪያ ቤት ያገለገለ ኮምፒውተር የገዛው። ጡረታ ከወጣ በኋላ በሁለት ጣቱ እየለቀመ፣ ያልጠፋውን ከደብተሩ፣ የጠፋውን ከጭንቅላቱ አስገባው። ቁልፉን ሲመታ ድምፁ ጥሬ የሚለቅም ዶሮ ይመስል ነበር። እኔም «ዶሮዬ ጠገበች?» እለዋለሁ። እሱም ቀና ሳይል «ገና አራተኛው ቤት ላይ ናት» ይለኛል።

ባለፈው ጥቅምት ታመመ፤ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው አረፈ።

ከዚያ በኋላ ያንን ኮምፒውተር የነካው ሰው አልነበረም። መነጽሩ እንኳን ከቁልፎቹ አጠገብ እንደተቀመጠ ቀረ። በሰኔ መጨረሻ ላይ ግን ለሙት ዓመቱ ፎቶውን አስወጥቼ ላሳጥብ ብዬ አቧራውን ጠረግሁና አበራሁት። አንዲት ክብ ነገር መካከሉ ላይ ትዞራለች፣ ትዞራለች፣ አታቆምም። ጠዋት አብርቼው ገበያ ደርሼ ስመለስም እየዞረች ነበር።

ከገበያው ፊት ለፊት ባልና ሚስት የሚሠሩበት አንድ ሱቅ አለ። እስላሞች ናቸው። ባልየው ፎቶ ኮፒ ያነሳል፣ ደብተርና እስክሪብቶ ይሸጣል፤ ኮምፒውተር የምትጠግነው ሚስትየው ናት። ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ሻርፗን ወደ ኋላ ጣል አድርጋ ካቻቢቴ ስትጨብጥ ማንም ወንድ አያክላትም። ባለቤቴም በሕይወቱ ሳለ ሲቸግረው ወደ እሷ ነበር የሚሮጠው።

«እትዬ፣ ዊንዶውሱ ተበላሽቷል፤ እንደ አዲስ መጫን አለበት» አለችኝ።

«የሚጠፋ ነገር ይኖራል?»

«ሲ የሚባለው ክፍል ላይ ያለው ይጠፋል፤ ዲ የሚባለው ላይ ያለው አይነካም። የጋሼ ጽሑፎች የት ናቸው?»

«ዲ ላይ!» አልኳት፣ እንደሚያውቅ ሰው።

ባለቤቴ መዝሙር ሲያስገባ፣ የልጆቹን ፎቶ ሲያስቀምጥ «ዲ ላይ አድርጌዋለሁ» ሲል እሰማ ስለነበር ነው። የሰባት ቤቱ ጽሑፍ ግን ኮምፒውተሩ እንደተከፈተ ከፊት ለፊት ነበር የሚታየው። እኔ ደግሞ ፊት ለፊት ያለው ምስል ሁሉ በር ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ዕቃው ከውስጥ፣ ዲ የሚባለው ጓዳ ውስጥ ያለ። እንደዚያ አልነበረም። ፊት ለፊት የሚታየው ነገር ቤቱ ሲ ነው። እኔ ይህን አላውቅም ነበር፤ እሷም የእኔን እርግጠኝነት አይታ አልጠረጠረችም። አርብ ዕለት ተጠግኖ ተሰጠኝ። ሰማያዊ ሰማይ የመሰለ ፊቱ ባዶ ሆኖ ሲታየኝ፣ እንዴት ንጹሕ ሆነ ብዬ ደስ አለኝ። ወደ ቤት ወስጄ ጨርቅ አለበስኩት።

በሁለተኛው እሁድ ሽማግሌዎች መጡ። ሌላ ሰው ሊያስቆጥሩ አይደለም፤ የእኔኑ ልጅ ሊጠይቁ ነው።

ትንሿ ልጄ ፍኖተ ሰላም ታስተምራለች፤ ክረምቱን እኔ ጋ ነበረች። ሊያገባት የጠየቀው ልጅ የሥራ ባልደረባዋ ነው፤ ወገኖቹ ከሮብ ገበያ ከተማ በላይ ያሉ ገበሬዎች ናቸው። የባለቤቴም ትውልድ ከዚያው ነው። እኔ ይህ ክፉ ነገር ይሆናል ብዬ አላሰብኩም፤ እንዲያውም የአንድ አገር ሰው አገኘች ብዬ ነበር። ሽማግሌዎቹ ሦስት ሆነው ገቡ። በዕድሜ የሚበልጡት፣ አንድ ዓይናቸው የፈዘዘው፣ ጠላውን ከመቅመሳቸው በፊት ነገሩን አወጡት።

«ልጄ፣ የመጣነው ልንጠይቅ ነበር። ግን ትናንት ስንቆጥር አንድ ነገር ገጠመን።»

«ምን ገጠማችሁ አባቴ?»

«ልጃችንና ልጅሽ አንድ ሰው ላይ ይገናኛሉ። በእኛ በኩል እሱ ስምንተኛ ነው፤ ደህና ነው። በእናንተ በኩል ግን ሰባተኛ ላይ ቆመ።» ጣታቸውን አንድ በአንድ አጠፉ። ልጄ፣ ባለቤቴ፣ አባቱ፣ አያቱ፣ ቅድመ አያቱ። «ስድስተኛዋ የቅድመ አያቱ እናት ናት። እሷ ደግሞ የዚያ ሰው ልጅ ናት፤ በስሙ ነው የምትጠራው። ሰባት! ሰባት ከሆነ ደግሞ እህትና ወንድም ናቸው።»

ከጓዳ አንድ ነገር ሲወድቅ ሰማሁ። ልጄ ጆሮዋን ግድግዳው ላይ ለጥፋ ነበር።

ሁለተኛው ሽማግሌ ፊቴን አይተው አዘኑልኝ መሰለኝ፣ «ባለቤትሽ ከሁላችንም የሚበልጥ አዋቂ ነበር» አሉ። «የጻፈው ነገር ካለ እሁድ ተመልሰን እንየው። እሱ ስምንት ነው ካለ ስምንት ነው፤ ቃሉን የሚጥል የለም።»

«ከሌለስ?» አልኩ።

የፈዘዘ ዓይን ያላቸው ሽማግሌ በትራቸውን ያዙ። «ከሌለማ፣ ነገሩ እዚሁ ላይ ይቁም።»

ገና ከደጅ ሳይወጡ ኮምፒውተሩን ገለጥኩት። ልጄ ዲን ከፈተች። መዝሙር፣ መዝሙር፣ የጥምቀት ፎቶ፣ የእሷ የምረቃ ፎቶ። ሌላ የለም። ሲንም ገባችበት፤ ሁሉም አዲስ፣ ሁሉም ባዶ። ፊት ለፊት ያ ባዶ ሰማያዊ ሰማይ። «እንደ አዲስ ይጫን» ብዬ ያዘዝኩት እኔ፣ «ዲ ላይ ነው» ያልኩት እኔ። ሰውየውን ጥቅምት ላይ ቀበርኩ፤ ሥራውን ደግሞ ሰኔ ላይ በገዛ እጄ ቀበርኩት ብዬ ተቀመጥኩ። ልጄ አላለቀሰችም። ይህ ከልቅሶ የባሰ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ልጄን «አንቺ እዚህ ፈልጊ፣ እኔ ልጠይቅ» ብያት ባዶ እጄን ወደ ሱቁ ሄድኩ። ዝናብ ነበር። ሴትየዋ ገና በሩን እየከፈተች ነው።

«ልጄ፣ አጥፍተሽብኛል!»

«ምኑን እትዬ?»

«የዘር ቆጠራውን! ዲ ላይ የለም!»

«ዲ ላይ ነው ያሉኝ ራስዎ አይደሉም እንዴ?»

«ፊት ለፊት ነበር የሚታየው!»

«ፊት ለፊት? ዴስክቶፕ ላይ? ያ አላህ!» መዳፏን አፏ ላይ ጣለች። «እሱማ ሲ ነው እትዬ፣ እሱማ ሲ ነው!»

ባልየው ከፎቶ ኮፒ ማሽኑ ኋላ ብቅ አለ። ወረቀቱን እያስተካከለ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ፣ «ያ መብራት ሲሄድ ሲመጣ የዋለበት ቀን የሠራሽው አይደል እንዴ?» አላት።

እሷ ቀጥ ብላ ቆመች። ፊቷ ላይ ነገሩ ሲበራ አየሁት።

«ፎርማት አላደረግሁትም!» ብላ ጮኸች። «ወላሂ አላደረግሁትም! መብራት ሳይሄድብኝ ልጨርስ ብዬ ሳላጸዳ ላዩ ላይ ነው የጫንኩት!»

«ይህ ምን ማለት ነው?»

«እንደዚያ ሲሆን አሮጌውን አይጥለውም። ጠቅልሎ አንድ ጥግ ያስቀምጥልዎታል፤ አሮጌ የሚል ስም ባለው ፎልደር። ሁሉም እዚያ ውስጥ ይኖራል!»

ክንዷን ጨበጥኩት። «ስንፍናሽን እግዜር ይባርክልሽ!»

«ስንፍና አይደለም፣ የመብራት ስጋት ነው» አለችና ሳቋ መሀል ላይ ቆመ። «ቆይ፣ ቆይ። መቼ ነው የወሰዱት?»

«አርብ። ያለፈው ሳይሆን ከዚያ በፊት ያለው አርብ።»

በጣቷ ቆጠረች። እንደ ሽማግሌው ናት፣ እያጠፈች። «እስካለፈው አርብ ሰባት። ቅዳሜ ስምንት፣ እሁድ ዘጠኝ…» ቀና አለች። «አሮጌውን የሚያስቀምጠው አስር ቀን ነው እትዬ። ከዚያ ራሱ ጠርጎ ይጥለዋል፤ ማንንም አይጠይቅም። ኮምፒውተሩ ጠፍቷል አይደል?»

«ልጄ ከፍታ እየፈለገችበት ነው።»

«ያስጠፉት! አሁኑኑ!»

ስልኬን አወጣሁ። ልጄ ጋ ይደወላል፣ ይቋረጣል። ኔትወርክ የለም። እንደገና፤ «የደወሉላቸው ደንበኛ…» ይላል። ከሱቁ ወጥቼ ባጃጅ አስቆምኩ። ከሀምሳ ዓመት በላይ የሆናት፣ ጥቁር የለበሰች ሴት ዝናብ ውስጥ እጇን እያወዛወዘች ስትሮጥ ያየ ሰው ሁሉ ደግሞ ማን ሞተባት ሳይል አይቀርም። ባለባጃጁም እንደዚያው መስሎት፣ ጢሙ የሸበተ ሰው ነው፣ «እግዜር ያጥናሽ እህቴ፣ የት ነው ለቅሶው?» አለኝ።

«ለቅሶ አይደለም፣ ሰርግ ነው! ንዳ!»

ቤት ስደርስ ልጄ ከኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጣለች። «እማ፣ አንድ ነገር ላይ…» ማለት ስትጀምር እኔ ጠረጴዛው ሥር ገብቻለሁ። ገመዱን ከግድግዳው ነቀልኩት። ጭል ብሎ ጠፋ።

«እማ! እንዲህ አይጠፋም እኮ!»

«ዛሬ እንዲህ ነው የሚጠፋው!»

ሣጥኑን በባለቤቴ ጋቢ ጠቀለልነው። ሌላ ነገር መፈለጊያ ጊዜ አልነበረም፤ ጋቢው ወንበሩ ላይ ነበር። ልጄ ታቅፋው፣ እኔ ልጄን ታቅፌ፣ በዚያው ባጃጅ ተመለስን። በየጉድጓዱ ሲዘል «ቀስ!» እላለሁ፤ ቀስ ሲል ደግሞ «ቶሎ!» እላለሁ። ሰውየው በመስታወቱ እያየኝ «ከሁለቱ አንዱን ምረጪ» አለኝ። ልጄ ከትናንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

ሱቁ ውስጥ ሁሉም ተዘጋጅቶ ነበር። ሴትየዋ ኢንተርኔት የሚባለውን ነገር እንዳይነካው አድርጋ አበራችው። እኔ ሳላስበው ማርያም ማርያም እላለሁ፤ እሷ በበኩሏ ቢስሚላህ ብላ ሲን ከፈተች። የፎልደሮቹ ዝርዝር ወጣ። ጣቷ ወረደ፣ ወረደ፣ ቆመ።

«አለ» አለች በሹክሹክታ።

ከፈተችው። ከውስጡ ሌላ፣ ከሌላው ውስጥ ሌላ። ከዚያ አንድ ፎልደር ላይ የባለቤቴ ስም በፈረንጅ ፊደል ተጽፎ አየሁ። ኮምፒውተሩን የገዛ ዕለት የጻፈው ነው። ተጫነችው። አንድ ጽሑፍ ብቅ አለ።

«ምን ይላል?»

«ለመግባት ፈቃድ የለዎትም ይላል።»

«የማን ፈቃድ?»

ትንሽ ዘገየች። «የጋሼ» አለች። «በፊት የእሳቸው ስለነበረ ነው። ቀጥል የሚለውን ከተጫንነው ግን ያስገባናል።» ማውሱን ወደ እኔ ገፋችልኝ። «እርስዎ ይጫኑት።»

እጄን ማውሱ ላይ አደረግሁት። ከሠላሳ ዓመት በላይ አብሬው ስኖር ኪሱን ፈትሼበት አላውቅም። አንተው ታየኛለህ፣ ለልጅህ ነው አልኩ በልቤ፤ ተጫንኩት። አንድ አረንጓዴ መስመር ከግራ ወደ ቀኝ ይሞላ ጀመር። ግማሽ ላይ ቆመ። ሄደ። ሞላ። ዴስክቶፕ የሚለውን ስትከፍተው ያ የማውቀው ፊት ለፊት ተዘረጋ። መካከሉ ላይ፣ እሱ ራሱ በሰጠው ስም፣ በቁጥርና በፈረንጅ ፊደል «ሰባት ቤት» የሚል ፋይል ተቀምጧል።

ልጄ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ሴትየዋ ግን እንደ አዋላጅ ናት፤ አልተዘናጋችም። ሌላ ሥራ ሳትሠራ አስቀድማ ፋይሉን ፍላሽ ላይ ገለበጠችው፤ በራሷ ኮምፒውተር ላይም ደገመችው። «አሁን እንኳን ቢጠርገው ይጥረገው» አለችና ከፈተችው።

አማርኛ አልነበረም። እንግሊዝኛም አልነበረም። ከላያቸው ነጥብ፣ ከሥራቸው ጭራ ያለባቸው የፈረንጅ ፊደሎች፣ የጥያቄ ምልክቶች፣ ቅንፎች፤ ገጹ ሁሉ የተደፋ ምስር ይመስላል።

«በሰበሰ!» አልኩ። ደብተሮቹ ትዝ አሉኝ። «ይህም እንደ ደብተሮቹ በሰበሰ!»

ባልየው ትከሻችን ላይ ተንጠራርቶ አየና ሳቀ። «አልበሰበሰም እትዬ። የድሮው አማርኛ ነው። ጋሼ በድሮው የኮምፒውተር ፊደል ነው የጻፉት፤ ዊንዶውሱ ሲቀየር ፊደሉ አብሮ ጠፋ። ልብሱ ነው የጠፋው፣ ሰውየው አለ።» መሳቢያውን ከፍቶ ሲበረብር ቆየና ያ ፊደል ያለበት የተቧጨረ ሲዲ አወጣ። ሚስቱ «ይህን ቆሻሻ ጣለው ስልህ!» አለችው። «ብጥለው ኖሮ ዛሬ ምን ይውጥሽ ነበር?» አላት። ሲዲው ሦስት ጊዜ አልነበብም አለ። በሻርፗ ጫፍ ጠረገችው። በአራተኛው ተነበበ።

ፋይሉ እንደገና ሲከፈት ምስሩ ሁሉ ፊደል ሆነ።

ለሠላሳ ዓመት ልጆች የመጀመሪያዋን ቃል ሲያነቡ ፊታቸው እንዴት እንደሚሆን አይቻለሁ። ያን ቀን የእኔ ፊት እንደዚያ ሳይሆን አልቀረም። ጮክ ብዬ አነበብኩ። ዝም ብሎ ዘር ብቻ አልነበረም፤ በየመሀሉ የእሱ ድምፅ አለ። «ይህን የነገሩኝ ባልቴት ሦስት ጊዜ ተሳስተው አራት ጊዜ አርመዋል» ይላል አንድ ቦታ። ሌላ ቦታ፣ «ይህ ሰው ስለ አያቱ የሚያውቀው ስለ ጎረቤቱ በሬ ከሚያውቀው ያነሰ ነው።» ሳቅሁ፤ እንባዬም መጣ፤ መነጽሬ ጉም ለበሰብኝ። ንባቡን ልጄ ቀጠለች።

የመጨረሻው ገጽ ላይ ስትደርስ ንባቧን አቋረጠች።

«ምንድን ነው?»

«እማ፣ የእኔ ነው።»

«የልጃችን» የሚል ርእስ አለው። ባለቤቴ የዚህን ልጅ ነገር ሳይሰማ ሞተ ብዬ አስብ ነበር። ለካ ልጄ ከመታመሙ ጥቂት ቀን በፊት ነግራዋለች፤ ለእኔ ከመንገሯ በፊት ደግሞ «ቆይ፣ መጀመሪያ ልቁጠር» ብሎ አስቆይቷታል። በአንድ ወገን የልጁ ትውልድ ስምንት ድረስ ተደርድሯል። በሌላው ወገን የእኛ፤ ልጄ፣ እሱ፣ አባቱ፣ አያቱ፣ ቅድመ አያቱ፣ የቅድመ አያቱ እናት። ስድስት። ከእሷ በላይ ባዶ መስመር። ከባዶው መስመር በላይ ያ ሽማግሌው ያሉት ሰው። ከሥሩ እንዲህ ይላል፤

«እሷ የዚህ ሰው ልጅ ናት ይባላል። ዕድሜያቸው ግን አይገጥምም፤ እሷ ስትወለድ እሱ በጣም አርጅቷል። አሳድጓት በስሙ የተጠራች ትመስለኛለች። መሀል ላይ አንድ ሰው ጎድሏል። እናቴ ለባለቤቴ ስለዚህች ሴት ስታጫውታት የሰማሁ ይመስለኛል። ልጠይቃት።»

ጽሑፉ እዚያ ላይ ያበቃል።

«ምኗን ነው የሚጠይቅሽ?» አለች ልጄ። «እማ! ምን አጫወቱሽ?»

እኔ ግን ሱቁ ውስጥ አልነበርኩም። ከሮብ ገበያ በላይ፣ አማቴ ቤት፣ ምድጃው አጠገብ ነበርኩ። አዲስ ሙሽራ ነኝ፤ የመጀመሪያ ልጄን አርግዣለሁ፤ ባለቤቴ ለሥራ ቆላ ወርዶ ሳምንት አልፎታል። አማቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ጥጥ እየፈተለች ታጫውተኛለች። እሱ ቤት ሲኖር ይህን «የሴቶች ጨዋታ» ብሎ ይወጣ ነበር፤ ግማሽ ጆሮውን ትቶ ይወጣ እንደነበር አላውቅም። አማቴ ስለ አንድ ወጣት ነገረችኝ። ከነጋዴ ጋር አሞሌ ጨው ሊያመጣ አባይ በረሃ ወረደ፣ ንዳድ ያዘው፣ እዚያው ቀረ። ሚስቱ የአራት ወር እርጉዝ ነበረች። ሴት ልጅ ስትወለድ የወጣቱ አባት ሕፃኗን ተቀብሎ፣ የሙት ልጅ እንዳትባል በራሱ ስም ጠራት፤ ከዚያ በኋላም ማንም የልጁን ስም በፊቱ እንዳያነሳ ከለከለ። «ያቺ ናት የእኛ ዘር» አለችኝ አማቴ። «አንቺ ግን አይዞሽ፤ ባልሽ ይመለሳል።» የወጣቱንም ስም ነገረችኝ።

ይህን ታሪክ የያዝኩት እንደ ተረት ነበር። ከሰባት ቤት ጋር አገናኝቼው አላውቅም፤ ቆጠራ የወንዶች ነው፣ የእኔ ደግሞ የምድጃ ዳር ጨዋታ። የጎደለው ሰው ሠላሳ ምናምን ዓመት ሙሉ እኔ ጋ ተቀምጦ ነበር። ሊጠይቀኝ አስቦ ታመመ።

እሁድ ሽማግሌዎቹ ሲመጡ ፋይሉን አሳትሜ ጠብቄአለሁ። አስቀድሜ ግን አንድ የመምህር ተንኮል ሠራሁ። የወጣቱን ስም በቁራጭ ወረቀት ላይ ጻፍኩና አጥፌ ማንበብ ለሚችሉት ለሁለተኛው ሽማግሌ ሰጠኋቸው። «ሳልነግርዎ አይግለጡት» አልኩ። ከዚያ ዓይናቸው ወደ ፈዘዘው ሽማግሌ ዞርኩ።

«አባቴ፣ ያ የምንገናኝበት ሰው አባይ ወርዶ የቀረበት ልጅ ነበረው?»

ሽማግሌው በትራቸውን ከጉልበታቸው ላይ አነሱ። «ይህን ማን ነገረሽ?»

«ነበረው?»

«ነበረው። አባቶቻችን ሲያወሩ ሰምቻለሁ። ልጅ ሳይወልድ የቀረ ነው ይላሉ።»

«ስሙ ማን ነበር?»

አሰቡ። ጓዳ ያለችው ልጄ ጆሮዋን ዳግም ግድግዳው ላይ እንደለጠፈች አውቃለሁ። ከዚያ ስሙን ጠሩት።

«ይግለጡት» አልኩ።

ሁለተኛው ሽማግሌ ወረቀቱን ገለጡ፣ አራቁ፣ አቀረቡ፣ ያንኑ ስም አነበቡ። አማቴ ያጫወተችኝን ነገርኳቸው፤ ከዚያም ባለቤቴ የጻፈውን አነበብኩላቸው። የፈዘዘ ዓይን ያላቸው ሽማግሌ እንደገና ጣታቸውን ማጠፍ ጀመሩ። ልጄ፣ ባለቤቴ፣ አባቱ፣ አያቱ፣ ቅድመ አያቱ፣ እናቲቱ፣ አባይ የቀረው ወጣት። ሰባት። ስምንተኛዋን ጣት ቀስ ብለው አጠፏት።

«ስምንት» አሉ።

ልጄ በሩን በርግዳ ገባች። ሙሽራ እንዲህ አትገባም፤ ገባች። እልልታው የመጣው ግን ከእኔ ነው። ከጥቅምት ወዲህ ከጉሮሮዬ የወጣው ድምፅ ሁሉ ሙሾ ነበርና፣ መጀመሪያ የሰማሁት ጊዜ የማን ነው ብዬ ዞርኩ።

«አንች ሴት፣ ይህን ሁሉ እያወቅሽ ነው ባለፈው እሁድ ዝም ያልሽን?» አሉ ሽማግሌው፣ ጠላቸውን አሁን እየቀመሱ።

«የጠየቀኝ አልነበረማ» አልኳቸው።

በማግሥቱ ወደ ሱቁ ሄድኩ። ሰርጉ ላይ የእነሱ በግ ለብቻው እንደሚታረድ፣ የሚያርደውንም ሰው ራሳቸው ይዘው እንደሚመጡ ለባልና ሚስቱ ነገርኳቸው። ባልየው «ሲዲውም ተጋብዟል?» አለ። ከዚያ ሴትየዋ አጠገቧ አስቀመጠችኝና ፋይሉን ከፈተችልኝ። ባዶው መስመር ላይ የወጣቱን ስም በአንድ ጣቴ፣ እየፈለግሁ፣ ጻፍኩ። ጊዜ ወሰደብኝ፤ እሷም አላቻኮለችኝም።

ከሥሩ ያለውን አነበበችና፣ «እትዬ፣ ይህች ልጠይቃት የምትለው አሁን ትጥፋ?» አለችኝ።

«አይ፣ እሷ ትቀመጥ።»

«ፋይሉንስ የት ላስቀምጠው?»

«ሲም ላይ፣ ዲም ላይ፣ ፍላሹም ላይ» አልኳት። «አንቺም ጋ ይኑር።»